ጫማው ከደጃፍ ሲቀር፦ ባለ ታኮ ጫማና የደስታ ዕድሜ በምዕራብ ደቡብ ወሎ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የታሪክ ትምህርታዊ ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል።)



የዛሬውን ርእስ ያነበባችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ አይቻለሁ። በመካነ ሰላም፣ ከመቅደላ አምባ ብዙም በማይርቅ ምድር ላይ ቆሞ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ ሴት ባለ ታኮ ጫማ መናገር የታሪክ ሰው ተግባር ነውን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የታሪክ ጽሑፋችን ስለ ሕዝባችን ረኀብና መከራ የጻፈውን ያህል ስለ ደስታው አልጻፈም። ደስታ ደብዳቤና ማኅተም አይተውም፤ በመዝገብ ቤትም አይገኝም። ስለዚህ በአንድ ዕቃ በኩል ልከታተለው ወደድሁ። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ አንዲት ሴት ስትመኘው የቆየችውን ባለ ታኮ ጫማ ካገኘች በኋላ ደስታው ምን ያህል ይቆያል? ሲደበዝዝስ በምን ምክንያት ይደበዝዛል?

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለዚህ አጭር መልስ አላቸው። ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው ካገኘው ነገር ጋር ቶሎ ስለሚላመድ ደስታው ወደ ቀድሞ ልኩ እንደሚመለስ አመለከቱ። በ1978 ብሪክማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ 22 የሎተሪ ባለ ዕድሎችን መርምረው፣ ከጎረቤቶቻቸው ይህን ያህል የበለጠ ደስተኞች አለመሆናቸውን ጻፉ። እንግዲህ ሎተሪው ያልዘለቀውን ጫማ እንዴት ይዘልቃል? ይህ መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን አልበቃኝም። መላመድ ጊዜን ይጠይቃል፤ ጊዜ ደግሞ በየሀገሩና በየዘመኑ የሚለካው በተለያየ መንገድ ነው። በየቀኑ የሚጫሙት ጫማና በዓመት አምስት ቀን ከሣጥን የሚወጣ ጫማ እኩል አይለመዱም።

ነገሩን ከቃሉ ልጀምር። «ጫማ» በአማርኛ መጀመሪያ የእግር ውስጠኛ ክፍል ነው፤ «የእግሩን ጫማ ሳመ» ስንል የምንናገረው ስለ ሥጋ እንጂ ስለ ቆዳ አይደለም። መጫሚያው ስሙን ከእግሩ ወሰደ። የቀደመው ግእዝ ለመጫሚያ «ሣእን»፣ በብዙ ቁጥር «አሣእን» የሚል የራሱ ቃል ነበረው፤ የዕለት ተዕለቱ አማርኛ ግን ያን ትቶ የእግሩን ስም ለዕቃው ሰጠ። ከዚህ ብዙ መደምደሚያ ማውጣት አልፈልግም፤ ነገር ግን አብዛኛው ሕዝብ ባዶ እግሩን በሚሄድበት ሀገር ሁሉም ሰው ያለው ጫማ የተፈጥሮው ጫማ እንደ ነበረ ማስታወሱ አይከፋም። «ታኮ» ደግሞ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በእኛ ዘንድ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚደረገውም ያው ታኮ ይባላል። አንዱ እንዲያስቆም፣ ሌላው ከፍ እንዲያደርግ ከሥር የሚገባ ነገር ነው።

ታኮ በዓለም ታሪክ የሴት አልነበረም። የፋርስ ፈረሰኞች እግራቸው ከእርካብ እንዳይንሸራተት ባለ ተረከዝ ጫማ ይጫሙ ነበር፤ ወደ 1600 እ.ኤ.አ. ገደማ ፋሽኑ ወደ አውሮፓ መኳንንት ተሻገረ፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም ቀይ ተረከዝ የቤተ መንግሥት ምልክት አደረገ። ወደ ሴቶች ጠቅልሎ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የማነሣው ስለ ፈረስ ነው። ወሎ የፈረስ ሀገር ነው፤ የዚህ ደጋ ፈረሰኞች ዝና በታሪክ የታወቀ ነው። ነገር ግን የእኛ ፈረሰኛ እርካቡን የሚይዘው በተረከዝ ሳይሆን በአውራ ጣቱ ነበር፤ እርካቡም ለጣት የምትበቃ ጠባብ ቀለበት ነበረች። ባዶ እግር ለፈረሰኛው ጉድለት አልነበረም። ስለዚህ ታኮ ወደ እኛ በደረሰ ጊዜ ከጥቅሙ ተለይቶ፣ ጌጥ ብቻ ሆኖ ደረሰ።

ደግሞም በዚህ ሀገር የከበረ ነገር ሁሉ ጫማን ከደጃፍ ያስቀረዋል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በሀገራችን ቆይቶ ሲጽፍ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በጫማ እንደማይገባ መዝግቧል። መስጊዱም እንዲሁ ነው። በቦረና ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብተው በሚኖሩበት መንደር፣ ሁለቱም በከበረው ቀናቸው የሚገናኙበት አንድ ሥርዓት ይህ ነው፦ ጫማን ማውለቅ። ምርጡን ጫማ የምንጫማው በበዓል ቀን ነው፤ በበዓሉ መካከል ግን እናወልቀዋለን። እንግዲህ የጫማው ደስታ የሚኖረው በመንገድ ላይ ነው፤ ከቤት ደጃፍ እስከ መቅደሱ ወይም እስከ መስጊዱ ደጃፍ ባለው ርቀት። ከገጠር ወደ ከተማ የሚመጡ ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከተማው ዳር ሲደርሱ እግራቸውን ታጥበው ይጫሙ እንደ ነበር ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ሰምተናል። ሶላቸውን ከድንጋይ ለማዳን ነበር ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሳያውቁት ደስታቸውንም ከመላመድ ያድኑ ነበር።

ይህን ያህል የተመኙትን ዕቃ የሚሠራው እጅ ግን የተናቀ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ታሪክ መሥራቴ አይሆንም። ቆዳ የሚያለፋው ሰው «ፋቂ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው የንቀቱን ስፋት ያሳያል፤ ያልነበረ ነገር በአዋጅ አይከለከልም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ሁለት የጫማ ፋብሪካዎችን ያቋቋሙት የአርመን ነጋዴዎች ናቸው። ከእነርሱ የተማሩ ሠራተኞች እየወጡ የየራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፤ የመርካቶ ጫማ ሰፊዎች መንደር መነሻው ይኸው ነው። ንቀቱ ያን ጊዜ አበቃ ማለት አይቻልም። ጫማው ከፋብሪካና ከሱቅ መምጣት ሲጀምር ግን፣ የሚጫማው ሰው የሠራውን እጅ ሳያይ ሊደሰት ቻለ።

አሁን ከመጻሕፍት ወጥቼ አንድ ሣጥን እንድከፍት ፍቀዱልኝ። «እታለም» እያልን የምንጠራቸው የእናቴ ታላቅ እኅት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወጣት መምህርት ነበሩ። ደሴ ፒያሳ ላይ ጥቁር ባለ ታኮ ጫማ ገዙ፤ ታኮው ከሦስት ጣት አይበልጥም። የገዙት በራሳቸው ደመወዝ ነው፤ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዛሬም ይለወጣል። መሬቱ የአባታቸው፣ ከብቱ የቤቱ፣ የአንገት ጌጡ የእናታቸው ነበር። ጫማው ግን ማንም ያልሰጣቸው፣ ማንም የማይጠይቃቸው የመጀመሪያ ንብረታቸው ነበር። በዓመት አምስት ወይም ስድስት ቀን ይጫሙታል፦ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለትምህርት ቤት መዝጊያ። ቀሪውን ዓመት በወረቀት ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይተኛል። የታኮው ጫፍ ሲበላ ጫማ ጠጋኙ ከመኪና ጎማ ቆርጦ ያድስላቸዋል፤ ሊስትሮው ሲወለውለው ደግሞ እንደገና አዲስ ይሆናል።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመላመድ መዘግየት ብለን እንዘጋው ነበር። ነገር ግን ጫማው ከእታለም እግር ሌላም እግር ገባ። ከሠፈሩ ሦስት ሙሽሮች በየተራ ተውሰው ተሞሽረውበታል፤ አንደኛዋ የሙስሊም ጎረቤታቸው ልጅ ነበረች። ቁጥሩ ሰፊ ለሆነባት ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጠቃል። ጫማው ተመልሶ በመጣ ቁጥር የሠርጉን ወሬ ይዞ ይመጣል። ሥነ ልቡናው የሚለካው የአንድን ባለቤት ስሜት ነው፤ የዚህ ጫማ ደስታ ግን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ አልተቀመጠም። እኔ እስከማምነው ድረስ ዕድሜውን ያረዘመው ከቆዳው ጥራት ይልቅ ይህ ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢ በዋና ከተማችን ጌጥ የፖለቲካ ጉዳይ ሆኖ ነበር። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርኢት ተማሪዎች በኃይል ተቃወሙ። ሕዝብ በድህነት ሳለ የባዕድ ፋሽን ማሳየት የባህል ወረራ ነው አሉ፤ ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ትምህርት ተቋረጠ። ዋናው ዒላማ አጭር ቀሚስ እንጂ ጫማ አልነበረም፤ ሆኖም ከእግር እስከ ራስ ያለው ጌጥ ሁሉ በአንድነት ተከሰሰ። የተማሪዎቹ ቁጭት ሐሰት አልነበረም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚሁ በወሎ የደረሰው ረኀብ አረጋግጦታል። ነገር ግን ድህነቱን ያመጣው ሥርዓት ሳለ በሴቲቱ ቀሚስና ጫማ ላይ መቆም ለምን ቀለለ? ይህን ጥያቄ ያ ትውልድ በበቂ አልመለሰውም ብዬ አምናለሁ። ለርእሳችን ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፦ ደስታ በመላመድ ብቻ አይጠፋም፤ በኀፍረትም ይጠፋል። እታለም በደርግ ዘመን ጫማውን ለበርካታ ዓመታት ከሣጥን አላወጡትም። አላረጀም፤ አልሰለቻቸውምም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ሰው ምን ይላል ብለው እንደ ነበር ነገሩኝ።

ስለ ሥቃዩም ማውሳት አለብኝ፤ ሳቁ፣ ግን ቁም ነገር አለው። ኢኮኖሚስቱ ቲቦር ሲቶቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ምቾትንና ደስታን ለይቶ ነበር፤ ምቾት ሲሟላ ይረሳል፣ ደስታ ግን የሚገኘው በለውጥ ውስጥ ነው። ይህን በእግራችን እንፈትነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግሩን የሄደ ሰው ለእግር ማበጥ በሽታ ይጋለጣል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከአፈሩ ጋር ያለውን ዝምድና በሀገራችን አጥንቷል። ለዚህ ሰው ጫማ ጤና ነው፤ ከለመደው በኋላ ግን እግሩ ላይ መኖሩን እንኳ አያስታውስም። ታኮ ተቃራኒው ነው። ጣትን ያጨናንቃል፣ በክረምት ጭቃ ይሰምጣል፣ በኮብልስቶን ንጣፉ መካከል ይሰነቀራል። የምትጫማው ሴት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ልትረሳው አትችልም፤ የማይረሳም ነገር በቀላሉ አይለመድም። በአንጻሩ ሥቃዩ ራሱ ደስታውን በሰዓት ይገድበዋል፤ ቤት ሲገባ ነጠላ ጫማ ይጠብቃል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። ገበያው ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ የቻይና ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀ፣ የመርካቶ ጫማ ሰፊዎችም ክፉኛ ተመቱ፣ ኋላም ጥራታቸውን አሻሽለው አገገሙ። በ2012 እ.ኤ.አ. ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ኩባንያ ዱከም ላይ ለውጭ ገበያ የሴቶች ጫማ መሥራት ጀመረ፤ የእኛ ልጆች በእጃቸው የሠሩት ጫማ ባሕር ተሻገረ። በመካነ ሰላም ሱቆችም ባለ ታኮ ጫማ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ሽማግሌዎች የዛሬ ልጅ በምንም አይደሰትም ሲሉ እሰማለሁ፤ አልስማማም። የተለወጠው ልጁ ሳይሆን ጫማው ነው። ሰው ሠራሹ ቆዳ ሲላጥ አይወለወልም፤ ማስቲሹ ሲለቅ አይሰፋም። እንደገና አዲስ የመሆን ዕድል የሌለው ጫማ ደስታውን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል።

እናንተ የዘንድሮ ተመራቂዎች ይህን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። ለምረቃ ቀን ጫማ ለመግዛት ወላጅ በግ ሸጦ እንደሚልክ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ እንደምታደርጉት ሁለት ጓደኛሞች አንድ ጫማ ገዝተው በየተራ ፎቶ መነሣታቸውን ስሰማ እታለም ትዝ ይሉኛል።

ባለፈው ክረምት ሣጥኑን አብረን ከፍተን ነበር። ቆዳው ደህና ነው፤ ሙጫው ደርቆ የግራው ሶል ከፊት በኩል ለቋል። ጠጋኝ ጋ ልውሰደው ስላቸው እንቢ አሉኝ። እሳቸው ዛሬ የሚጫሙት ነጠላ ጫማ ነው። የግራውን ጫማ ጥቂት እጃቸው ላይ ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ በወረቀቱ ጠቅልለው ወደ ቦታው መለሱት፤ ቁልፉንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።