ታፕ
ታፕ፦ በሁለት የኔትወርክ መሣሪያዎች መካከል ኬብሉ ላይ ገብቶ፣ የሚያልፈውን ትራፊክ ለመከታተያ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ዕቃ ነው። ብዙ ጊዜ ከ«ስፓን» ጋር ይምታታል። ስፓን ሲስኮ ለስዊቾቹ አገልግሎት ያወጣው ስም ነው፤ ስዊቹ ራሱ የአንዱን ፖርት ትራፊክ ወደ ሌላው ይገለብጣል። ተጨማሪ ዕቃ አይፈልግም፤ በትእዛዝ ይከፈታል፣ በትእዛዝ ይዘጋል። ችግሩ አቅሙ ላይ ነው። ባለ 1 ጊጋቢት ፖርት ሲልክና ሲቀበል በድምሩ እስከ 2 ጊጋቢት በሰከንድ ያስተናግዳል፤ ቅጂው የሚወጣበት እኩያ ፖርት ግን 1 ብቻ ያሳልፋል። የተረፈው ፓኬት ይጣላል። ታፕ ሁለቱን አቅጣጫ ለየብቻ ያወጣል፤ ሲገጠም ግን መስመሩ ለአፍታ ይቋረጣል። ስለዚህ ለዕለት ብልሽት ፍለጋ ስፓን ይበቃል። ለደኅንነት ቋሚ ክትትል ግን ታፕ ይገጠም፤ ጎዶሎ ቅጂ ይዞ «ጥቃት አልደረሰም» ብሎ መፈረም አይገባምና።