ያገለገሉ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮችና ተቀጽላዎቻቸው፦ አያያዝ፣ እንክብካቤና ጥገና

ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር አንቀሳቃሹ ከኋላው እየተራመደ ወይም በተሳቢው ላይ ተቀምጦ በሁለት እጀታዎች የሚመራው አነስተኛ የእርሻ መሣሪያ ነው። በተለምዶ «ዎኪንግ ትራክተር» እየተባለ ይጠራል። በላዩ ላይ የሚገጠሙት ተቀጽላዎች ሲቀያየሩ ያርሳል፣ አፈር ያለሰልሳል፣ ይዘራል፣ መውቂያ ያንቀሳቅሳል፣ ውሃ ይስባል፣ ጭነትም ያጓጉዛል። በኢትዮጵያ የአነስተኛ ማሳ ሜካናይዜሽንን ለማስፋፋት ከተሞከሩት መሣሪያዎች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል መሪነት በተጀመረው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ መርሐ ግብር ከታቀፉት አራት አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች።

ለዓመታት ያገለገለ ትራክተር ሥራ የሚያቆመው በአብዛኛው በዕድሜው ምክንያት አይደለም። አቧራ ወደ ሞተሩ ሲገባ፣ ናፍጣው ውሃ ሲቀላቀልበት፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ሲጎድል፣ ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይና ቺንጋው ሲላላ ነው። እነዚህን አምስት ነገሮች በየዕለቱና በየጊዜው የሚቆጣጠር ባለንብረት አሮጌውን ትራክተር ለብዙ የእርሻ ወቅቶች ሊገለገልበት ይችላል። የማይቆጣጠር ግን በዘር ወቅት ማሳው እርጥበት ይዞ እያለ መለዋወጫ ፍለጋ ይንከራተታል።

የሞተሩ ዓይነት

በእነዚህ ትራክተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው አንድ ሲሊንደር ያለው፣ ፒስተኑ በአግድም የሚንቀሳቀስ የናፍጣ ሞተር ነው። በስፋት የሚታወቀው የቻይናው ኤስ195 የሲሊንደሩ ስፋት 95 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 115 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። የሲሊንደሩ ስፋት በስሙ ውስጥ ተገልጿል፤ የመጀመሪያው አኃዝ የሲሊንደሩን ቁጥር፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ስፋቱን ያመለክታሉ። መለዋወጫ ሲፈለግ ይህ ቁጥር ቀዳሚው መለያ ነው።

የዚህ ሞተር ማቀዝቀዣ ከላይ ክፍት የሆነ የውሃ ገንዳ ነው። ውሃው እየፈላና እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ መፍላቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ብልሽት የሚሆነው ውሃው ሳይተካ ሲጎድል ነው። ደረጃውን የሚያሳየው ተንሳፋፊ ምልክት ወደ ታች ከወረደ ገንዳው መሞላት አለበት። ውሃው ጨርሶ አልቆ ሞተሩ ከጋለ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ማፍሰስ የሲሊንደሩን ራስ ስለሚሰነጥቀው፣ ሞተሩ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግዴታ ነው።

በየዕለቱ ከሥራ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ትራክተሩ በደልዳላ ቦታ ቆሞ ይከናወናል።

1. የሞተር ዘይት፦ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተጠርጎ እንደገና ገብቶ ይታያል። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን ይኖርበታል። ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ስለሆነ ሞተሩ መነሳት የለበትም።

2. የማቀዝቀዣ ውሃ፦ ንጹሕና ከጭቃ የጸዳ ውሃ ይሞላል። የወንዝ ውሃ ከሆነ በጨርቅ ይጣራል።

3. የአየር ማጣሪያ፦ የዘይት ገንዳ ያለው ማጣሪያ ከሆነ በሥሩ የተጠራቀመው ደለል ታይቶ ዘይቱ ይቀየራል። በመውቂያ ሥራ ወይም በደረቅ ማሳ ላይ ይህ በየቀኑ ሊያስፈልግ ይችላል። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ መሞላት የለበትም፤ ትርፉ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ተስቦ ሞተሩን ከቁጥጥር ውጭ ሊያስሮጠው ይችላል።

4. ናፍጣ፦ ከጀሪካን ሲገለበጥ በወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጣራል። ጀሪካኑ ቀድሞ ረግቶ ከቆየ ከሥሩ የቀረው ጥቂት ናፍጣ ወደ ታንከሩ አይጨመርም፤ ውሃውና ዝቃጩ የሚጠራቀሙት እዚያ ነው።

5. ቺንጋ፦ በሁለቱ መዘውሮች መካከል በአውራ ጣት ሲጫን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል መርገብ ይኖርበታል። ከዚህ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ኩሽኔታውን ይጎዳል።

6. ቡሎንና ዳዶ፦ የጎማ፣ የሞተር ማሰሪያና የተቀጽላ ቡሎኖች ሁሉ በመፍቻ ይፈተሻሉ። የአንድ ሲሊንደር ሞተር ንዝረት ከፍተኛ በመሆኑ የላላ ቡሎን ሳይታሰብ ወልቆ ይወድቃል።

በየጊዜው የሚደረግ ጥገና

የሞተር ዘይት በ100 የሥራ ሰዓት ገደማ ይቀየራል፤ አዲስ ወይም ሙሉ ጥገና የተደረገለት ሞተር ከሆነ ግን የመጀመሪያው ቅያሪ ቀደም ብሎ ይፈጸማል። ዘይቱ የሚፈሰው ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ነው፤ ቆሻሻው አብሮ እንዲወጣ ያደርጋል። የሥራ ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ ስለሌለው ባለንብረቱ የሠራበትን ሰዓት በደብተር ቢመዘግብ ቅያሪው በግምት አይሆንም።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ይለካል። በኤስ195 ላይ ክፍተቱ ለአየር ማስገቢያው ቫልቭ 0.35፣ ለጭስ ማውጫው 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት፣ ፒስተኑ የማመቅ ምቱን ጨርሶ ጫፍ ላይ በደረሰበትና በበራሪ ጎማው ላይ ያለው ምልክት ከመነሻው ጋር በተገጣጠመበት ጊዜ ነው። ቺንጋዎች በአንድ ላይ የሚሠሩ በመሆናቸው አንዱ ሲበጠስ ሁሉም አብረው ይቀየራሉ፤ አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር ሲገጠም ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞ ቶሎ ያልቃል።

የኖዝልና የናፍጣ ፓምፕ ማስተካከያ መሣሪያ ባለው ባለሙያ ብቻ መከናወን ይገባዋል። ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ የመግባት ኃይል ስላለው በእጅ መሞከር ክልክል ነው።

የብልሽት ምልክቶችና መንስኤዎቻቸው

ጥቁር ጭስ፦ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል፣ የአየር ማጣሪያው ተዘግቷል ወይም ኖዝሉ በትክክል አይረጭም። በከፍተኛ ቦታዎች አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበት ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ ያለ ችግር የሚጎተት ማረሻ በደጋ ጥቁር ጭስ ሊያስወጣ ይችላል፤ መፍትሔው የእርሻውን ጥልቀት መቀነስ እንጂ የናፍጣ መጠን መጨመር አይደለም።

ሰማያዊ ጭስ፦ ዘይት እየተቃጠለ ነው። የዘይቱ መጠን ካልበዛ የፒስተኑ ፋሻ ወይም ሲሊንደሩ አልቋል።

ነጭ ጭስ፦ ናፍጣው ውሃ አለበት፣ የማመቅ ኃይሉ ደክሟል ወይም ናፍጣው ዘግይቶ ይረጫል።

ሞተሩ አልነሳ ሲል፦ ናፍጣ አልቆ ከነበረ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። በፓምፑ መግቢያ ያለው ቡሎን ላልቶ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪፈስ ይጠበቃል፤ ከዚያም ቡሎኑ ይጠብቃል። ማኖቬላው ሲዞር ከኖዝሉ የመርጨት ድምፅ ከተሰማ ናፍጣው ደርሷል።

ተቀጽላዎች

ማረሻ፦ የማረሻው ጫፍ ከደነዘዘ ትራክተሩ ይንሸራተታል፣ ናፍጣም ያባክናል። ከሥራ በኋላ ጭቃው ተጠርጎ የአፈር መገልበጫው ገጽ ዘይት ይቀባል።

ሮታቬተር፦ ቢላዎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የታጠፉ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ስለታቸው ወደሚዞሩበት አቅጣጫ እንዲመለከት ሆነው ይገጠማሉ። የጎበጠ ወይም የጎደለ ቢላ ንዝረቱን ስለሚያባብስ ወዲያውኑ ይተካል። ሮታቬተሩ እየዞረ ትራክተሩን ወደ ኋላ መንዳት አንቀሳቃሹን በቢላዎቹ ላይ ሊጥለው ስለሚችል ፈጽሞ አይፈቀድም።

የውሃ ፓምፕ፦ ከመነሳቱ በፊት የመሳቢያው ቱቦና ፓምፑ በውሃ ይሞላሉ። ያለ ውሃ የሚዞር ፓምፕ የማተሚያ ጎማው በአጭር ጊዜ ይቃጠላል።

መውቂያና ተሳቢ፦ የመውቂያው ቺንጋ መሸፈኛ ሊኖረው ይገባል፤ የተሳቢው ማያያዣ ፒንና ፍሬን በየጉዞው በፊት ይፈተሻሉ።

አደጋን ለመከላከል

ነጠላ፣ ሻሽ፣ ጋቢ ወይም የተንዘላዘለ ልብስ ለብሶ በሚዞር ቺንጋ አጠገብ መቆም ለሞት የሚያደርስ አደጋ ያስከትላል። ማኖቬላ ሲያዝ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን መሆን አለበት፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ እጅ አይሰበርም።

ቁልቁለት ላይ መሪው በተቃራኒው ይሠራል። በሜዳ ላይ የግራው የመሪ ፍሪሲዮን ሲጨበጥ ትራክተሩ ወደ ግራ ይዞራል። በቁልቁለት ግን የተለቀቀው ጎማ በፍጥነት ስለሚንከባለል ትራክተሩ ወደ ቀኝ ይዞራል። ስለዚህ በተዳፋት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፣ የመሪ ፍሪሲዮኑን ሳይነኩ በእጀታዎቹ መግፋትና ማርሹን በጭራሽ ነጻ አለማድረግ ያስፈልጋል።

ሞተሩ ከቁጥጥር ውጭ መሮጥ ከጀመረ የናፍጣው መስጫ ወዲያውኑ ይዘጋል፤ ካልቆመ የአየር መግቢያው በጣውላ ይታፈናል። በእጅ መዝጋት አደገኛ ነው።

ከእርሻ ወቅት በኋላ ማስቀመጥ

ትራክተሩ ታጥቦ ይደርቃል፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ይፈሳል፣ በታንከሩ ውስጥ እርጥበት እንዳይጠራቀም ናፍጣ ይሞላል፣ ቺንጋዎቹ ይላላሉ፣ የግራሶ ቦታዎች ይቀባሉ። ጎማዎቹ ከመሬት ከፍ ብለው በድንጋይ ወይም በግንድ ላይ ቢያርፉ አይሰነጣጠቁም። ትራክተሩ ከዝናብና ከፀሐይ በተጠለለ ቦታ ይቀመጣል።

ያገለገለ ትራክተር ሲገዛና የጥገና አገልግሎት ሲጠየቅ

ገዢው ትራክተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሲነሳ ማየት አለበት፤ ቀድሞ የተሟሟቀ ሞተር ድክመቱን ይደብቃል። ማመቂያው ሳይለቀቅ ማኖቬላው ሲዞር በጠንካራ ግፊት መመለስ ይኖርበታል፤ እንዲሁ በቀላሉ ካለፈ የማመቅ ኃይሉ ደክሟል። በራሪው ጎማ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታው አልቋል። የግዢ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ሰነድና በሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚመሳሰሉ መሆናቸው ይጣራል።

የጥገና ባለሙያ ወይም መለዋወጫ ፈላጊ ባለንብረት የሚከተሉትን ይዞ ቢቀርብ ጊዜና ወጪ ይቆጥባል፦

- በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የሰፈረው የሞዴል ስምና የሞተር ቁጥር፤
- ያለቀው ወይም የተሰበረው ዕቃ ራሱ፤
- በቺንጋው ጀርባ ላይ የታተመው ፊደልና ቁጥር፤
- የመጨረሻው የዘይት ቅያሪ ቀንና የሥራ ሰዓት የተመዘገበበት ደብተር፤
- ብልሽቱ መቼና በምን ሥራ ላይ እንደታየ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ።

ለምክር በቅድሚያ የሚቀርበው ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። የሞተር መፍታትና ኖዝል የማስተካከል ሥራ ግን ተገቢው መሣሪያና ሥልጠና ላለው ጋራዥ ይሰጣል።