ማሽላና የዱር ዘመዱ፦ የራያ ቆላ እርሻ ለታሪክ ጸሐፊ የሚሰጠው ማስረጃ



የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። እጅግ ከተቀራረቡ ሁለት ዕፅዋት አንዱ የዱር፣ ሌላው የእርሻ መሆኑ በምን ይታወቃል? ጥያቄው ለዕፅዋት ተመራማሪዎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ማሽላን የት፣ መቼና እንዴት አለመደው የሚለው የታሪክ ክርክር የሚቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው።

ምሳሌዬን ከቆቦ እወስዳለሁ። በምዕራብ በወሎ ደጋ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች መካከል የተዘረጋው ሜዳ የታወቀ የማሽላ አገር ነው፤ ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት ነባር የዘር ዓይነቶች የሚበቅሉት በዚሁ አካባቢ ነው። የዱር ማሽላ ደግሞ የእርሻ ዳርንና የቦይ ዳርን ይወዳል፤ አንዳንዴም ማሳው ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ሁለቱ ቡቃያ ሳሉ በቅጠልም በአገዳም ስለሚመሳሰሉ የአራሚን እጅ ያታልላሉ። ዛላ ሲያወጡ ግን ልዩነቱ ይገለጣል፤ የዱሩ ዛላ የተበተነና ቀጭን፣ ፍሬውም ደቃቅና በሽፋኑ የተከደነ ነው።

መልክ ብቻውን ግን ምን ያህል እንደሚያሳስት የሳይንሱ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ጄ. ዲ. ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጥናት የእርሻ ማሽላን በ31 ዝርያዎች ከፈለው፤ በ1955 ደግሞ 17 የዱር ዝርያዎችን ዘረዘረ። የደረቁ ናሙናዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የዛላውንና የፍሬ ሽፋኑን ቅርጽ ለሚያነጻጽር ሰው ይህ ተገቢ ነበር። ሃርላንና ደ ቬት በ1972 የእርሻ ማሽላን ሁሉ በአምስት መሠረታዊ ነገዶችና በእነርሱ ቅልቅሎች ጠቀለሉት። በ1978 ደግሞ ደ ቬት የዱሩንና የእርሻውን በአንድ ዝርያ ሥር አደረጋቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁለቱም 20 ክሮሞዞም አላቸው፣ በነፃነት ይዳቀላሉ፣ ልጆቻቸውም ፍሬ ይሰጣሉ። በአንጻሩ በመልክ ከዱሩ ማሽላ ጋር የሚቀራረበውና ከመሬት ሥር በሚሳብ ግንዱ የሚራባው የጆንሰን ሣር 40 ክሮሞዞም ያለው ሌላ ዝርያ ነው። ስለዚህ ዓይን ቅርቡን ሩቅ፣ ሩቁን ቅርብ አድርጎ ሊያይ ይችላል።

ለገበሬው ዋናው መለያ ሌላ ነው፤ ይረግፋል ወይስ አይረግፍም? የዱር ማሽላ ፍሬው ሲበስል ከተያያዘበት ቦታ ራሱ ይለቅቃል። የእርሻው ማሽላ ግን ማጭድ እስኪመጣ ይቆያል። ለዚህ ባሕርይ ወሳኝ የሆነ ዘረመል (ኤስ ኤች 1) በ2012 ታውቋል። ይህን ልዩነት ያመጣው ማንም አስቦበት አይመስለኝም። አጫጁ የሚያገኘው ያልረገፈውን ነው፤ ለከርሞ የሚዘራውም ከዚያው ነው። ይህ ለብዙ ትውልድ ሲደጋገም ሰውን የሚጠብቅ እህል ይወጣል።

አርኪዮሎጂ የደረሰበትም ከገበሬው መለያ ነው። በ2017 የታተመ ጥናት በምሥራቅ ሱዳን፣ ከከሰላ ብዙም በማይርቅ ስፍራ በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የማሽላ ገለባ ቅርጽ ታትሞ መገኘቱን አሳየ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃውን ከገለባ ጋር ያቦኩ ነበርና። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3500 እስከ 3000 ዓመት ገደማ ነው። ተመራማሪዎቹ ያዩት ፍሬው ከዛላው የተላቀቀበትን ጠባሳ ነው። ራሱ የረገፈው ጠባሳው ለስላሳ ነው፤ ተወቅቶ የተገነጠለው ሸካራ ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ ተገኝተዋል፤ የማልመዱ ሥራ ገና በሂደት ላይ ነበር ማለት ነው።

ይህ እኛን ይነካናል። ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ከጎበኘ ወዲህ የሰብሎቻችንን ብዝኃነት የመነሻ ማስረጃ አድርገን ማስተማር ለምደናል። በእኔ ፍርድ ይህ ሁለት ነገሮችን ያቀላቅላል፤ የዘር ዓይነት ብዛት ገበሬው በኋላ የሠራውን ያሳያል እንጂ ሰብሉ የት እንደ ጀመረ ብቻውን አያረጋግጥም። የከሰላው ማስረጃ የቆቦን ገበሬ ክብር አይቀንስም፤ የሥራውን ዓይነት ግን በትክክል ይነግረናል።

ደግሞም ሥራው አላበቃም። የዱሩና የእርሻው ማሽላ በአንድ ወቅት ካበቡ ብናኝ ይለዋወጣሉ። ከዚያ የሚወጣው ዲቃላ አንዳንዴ በመልኩ የእርሻ፣ በመርገፉ የዱር ይሆናል። ደ ቬት ለዚህ ሦስተኛ ንዑስ ዝርያ ስም ሰጥቶታል፤ ገበሬው አረም ብሎ ይነቅለዋል፤ እኔ እንደ ታሪክ ሰው ሳየው ግን የጥንቱን ሂደት በዓይናችን ፊት ያቆየ ሰነድ ነው። የራያ ማሳ በጥራት ብቻ የሚመዘን ከሆነ ይህ ሰነድ ይጠፋል።

በ1976 የተቋቋመው የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል፣ ዶክተር መላኩ ወረደም የመሩት፣ ነባር ዘሮችን ከመጥፋት በማዳን ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ለመስክ ሥራ ለምትወጡ ተማሪዎች የምጠይቃችሁ ግን በዚያ ላይ የሚጨመር ነው። የሚያምረውን ዛላ ብቻ አትልቀሙ። ከማሳው ዳር ያለውንም ውሰዱ፤ ፍሬው ከመርገፉ በፊትና በኋላ የዛላውን መገጣጠሚያ ተመልከቱ፤ አጠገቡ የተዘራው የትኛው ዓይነት እንደ ሆነና የማሳው ባለቤት ምን ብሎ እንደሚጠራው በናሙናው ወረቀት ላይ ጻፉ።