የኪስ ሽጉጥ ዕድሜ በምን ይለካል?

ሽጉጥ የሚለው የአማርኛ ቃል ሸጎጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ስሙ የተሰጠው ከሚተኩሰው ጥይት ሳይሆን ከአያያዙ በመነሣት ነው፤ ከልብስ ሥር ተሸጉጦ የሚያዝ መሣሪያ ማለት ነው። ይህ አሰያየም ከሁሉም ይበልጥ የሚስማማው 6.35 ሚሊሜትር ጥይት ለሚጎርሰው ትንሽ የኪስ ሽጉጥ ነው። ይህ መሣሪያ ዕድሜውን የሚያሳልፈው በኪስ ውስጥ ሲሆን የሚተኩሰው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ያገለገለ የኪስ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው የሚገጥመው ችግርም የሚመነጨው ከዚሁ ጠባዩ ነው። ላብና አቧራ ቀለሙን የገፈፉት ሽጉጥ ውስጡ እንደ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ኒኬል ተቀብቶ የሚያብረቀርቀው ደግሞ የተሰነጠቀ አካል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የዚህ መሣሪያ ጥንካሬ በምን ሚዛን ይመዘናል የሚለው ጥያቄ ሠሪውን፣ ሕግ አውጪውንና ገዢውን በየዘመኑ ሲያከራክር ቆይቷል።

የዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ ታሪክ የሚጀምረው ከአሜሪካዊው የመሣሪያ ፈልሳፊ ከጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1855 የተወለደው ብራውኒንግ የንድፉን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው በ1905 ሲሆን፣ መሣሪያውን ያመረተው በቤልጂየም በሊዬዥ ከተማ አቅራቢያ በሄርስታል የሚገኘው የፋብሪክ ናሲዮናል ድርጅት ነበር። ሽጉጡ ርዝመቱ 11.4 ሴንቲሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ400 ግራም ያነሰ ሆኖ በካዝናው ስድስት ጥይት ይይዝ ነበር። የቤልጂየሙ ፋብሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሠርቶ ሸጧል። የአሜሪካው የኮልት ኩባንያም ይህንኑ ንድፍ ከ1908 እስከ 1948 ድረስ በማምረት ከ400,000 በላይ ለገበያ አቅርቧል። ዛሬም ያገለገሉ መሣሪያዎች በሕግ በሚሸጡባቸው አገሮች እነዚህ ሽጉጦች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ይታያሉ።

የሽጉጡ አሠራር እጅግ ቀላል ነው። በብዙዎቹ ትልልቅ ሽጉጦች ላይ በርሜሉንና ከበላዩ የሚንሸራተተውን አካል ለቅጽበት አያይዞ የሚያቆይ መቀርቀሪያ አለ፤ በዚህኛው ግን የለም። ጥይቱ ሲተኮስ የባሩዱ ጋዝ አረሩን ወደ ፊት፣ ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋል። ቀለሁ ያለ ጊዜው እንዳይወጣ የሚያዘገዩት በዋነኛነት የተንሸራታቹ ክብደትና የሞላው ኀይል ናቸው። አረሩ 3.2 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን ፍጥነቱ በሴኮንድ 230 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው የእንቅስቃሴ መጠን እኩል ስለሆነ፣ ተንሸራታቹ ለምሳሌ ያህል 150 ግራም ቢመዝን በሴኮንድ 5 ሜትር ገደማ ፍጥነት ወደ ኋላ ይወረወራል። ክብደቱ ወደ 100 ግራም ቢቀንስ ግን ፍጥነቱ ወደ 7.5 ሜትር ከፍ ይላል፤ ይዞት የሚሄደው ጉልበትም ከ1.9 ጁል ወደ 2.8 ጁል ገደማ ይደርሳል። ከዚህም የተነሣ የኪስ ሽጉጥ ሠሪ ሁልጊዜ በሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች መካከል ይገኛል። ለኪስ እንዲመች ክብደቱን ባቀለለ ቁጥር፣ ተንሸራታቹ ከዋናው አካል ጋር ሲጋጭ የሚያርፈው ምት ይበረታል።

ብራውኒንግ ይህን ምት እንዲሸከም የመረጠው አረብ ብረትን ነበር። አረብ ብረት የሚደርስበት ጫና ከተወሰነ ልክ በታች እስከ ሆነ ድረስ እጅግ ብዙ ምት ችሎ ይኖራል። በመሆኑም በአሮጌዎቹ ብራውኒንጎች ላይ በአብዛኛው ቀድመው የሚያረጁት ትልልቆቹ አካላት ሳይሆኑ ትንንሾቹ ናቸው። ሽጉጡ ጎርሶና ተወጥሮ በኪስ ሲከርም መርፌውን የሚገፋው ሞላ ዘወትር ተጨምቆ ስለሚኖር ኀይሉ ይቀንሳል። መርፌውን ይዞ የሚያቆየው መንጠቆ ጠርዙ ከተበላ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው፤ ሽጉጡ ሲወድቅ ወይም ሲንገጫገጭ ቃታው ሳይሳብ ሊተኩስ ይችላል። በርሜሉም የራሱ ጠላት ነበረው። በቀድሞ ዘመን ጥይቶች እሳት የሚጭረው ቅመም የፖታሲየም ክሎሬት ውሁድ ስለ ነበረበት፣ ከተኩስ በኋላ በበርሜሉ ውስጥ ጨው ይቀር ነበር። ይህ ጨው እርጥበት እየሳበ ያልተጠረገውን በርሜል በዝገት ያቦረቡር ነበር። ስለዚህ ጥቂት ጥይት ብቻ የተኮሰ ሽጉጥ ሳይወለወል ከተቀመጠ፣ ብዙ ተኩሶ በየጊዜው ከተወለወለው ይልቅ የተጎዳ በርሜል ሊኖረው ይችላል።

የጥንካሬው ጥያቄ መልኩን የለወጠው ከ1968 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በጥይት ተገደሉ። በጥቅምት ወርም ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ ለስፖርት አገልግሎት የማይስማሙ ትንንሽ ሽጉጦች ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ አገደ። በ1931 ሥራ ላይ የዋለው የፋብሪክ ናሲዮናል ትንሹ ብራውኒንግም በዚሁ ምክንያት ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ሕጉ ግን በአገር ውስጥ በሚሠሩት ላይ ተመሳሳይ ገደብ አልጣለም ነበር። ክፍተቱን የሞሉት በደቡብ ካሊፎርኒያ በሎስ አንጀለስ ዙሪያ የተቋቋሙ ፋብሪካዎች ሲሆኑ፣ ከቀዳሚዎቹ አንዱ በ1970 ሥራ የጀመረው የሬቨን ኩባንያ ነው። የሬቨን 6.35 ሚሊሜትር ሽጉጥ በርሜሉ ከአረብ ብረት፣ ዋናው አካሉ ግን ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነበር።

የዚንክ ቅይጥ በራሱ የሚናቅ ማዕድን አይደለም። ዛማክ በመባል የሚታወቀው ቅይጥ በ1929 ኒው ጀርሲ ዚንክ በተባለው ኩባንያ የተገኘ ሲሆን፣ ስሙም ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና መዳብ ከሚባሉት ማዕድናት የጀርመንኛ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ነው። ቀልጦ በግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫው ሲገባ ብዙ መሞረድና መፋቅ ሳያስፈልገው የሚፈለገውን መልክ ይይዛል። የዋጋው ርካሽነት ምሥጢርም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ለተደጋጋሚ ምት ያለው ብርታት ከአረብ ብረት እጅግ ያነሰ ነው። ከአረብ ብረት 15 በመቶ ያህል ስለሚቀልል፣ ያንኑ ክብደት ለማግኘትም አካሉን ማወፈር ያስፈልጋል።

በአሜሪካ አንዳንድ ክፍላተ አገር ይህን ድክመት በሕግ ለመለካት ሲነሡ የመረጡት ሚዛን ለመሐንዲስ እንግዳ የሚመስል ነው፤ ይኸውም የማቅለጫ ሙቀት ነው። ኢሊኖይና ሳውዝ ካሮላይና አካሉ ከ800 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ427 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚቀልጥ ሽጉጥ እንዳይሸጥ ደነገጉ። ሚኒሶታ ደግሞ ልኩን 1,000 ዲግሪ ፋራናይት አደረገች። ዛማክ በ385 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ከነዚህ ወሰኖች ሁሉ በታች ይወድቃል። በኪስ ያለ ሽጉጥ እንዲህ ባለ ሙቀት ውስጥ እንደማይገባ የታወቀ ነው። ያም ሆኖ ሚዛኑ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። በፍጹም ሙቀት መለኪያ ሲሰላ፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለዛማክ የማቅለጫ ሙቀቱ 45 በመቶ ያህል ነው፤ ለአረብ ብረት ግን 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንድ ብረታ ብረት ወደ ማቅለጫው በቀረበ መጠን በቋሚ ጫና ሥር ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለውጣል። ስለሆነም የተጨመቀ ሞላ ለዓመታት የሚገፋው የዚንክ አካል፣ አንድም ጥይት ሳይተኮስበት ልኩን ሊስት ይችላል። ይህን ያህል እውነት ቢኖረውም፣ የማቅለጫ ሙቀት ስለ ምት፣ ስለ ስንጥቅና ስለ ንድፍ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም።

ከዚህ የተሻለውን ሚዛን ያመጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። በ1999 ወጥቶ በጥር 1 ቀን 2001 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ ከምን ተሠራ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ምን ቻለ ብሎ ጠየቀ። ከአንድ ሞዴል ሦስት ሽጉጦች ይቀርባሉ፤ እያንዳንዳቸው 600 ጥይት ይተኩሳሉ። የሥራ መሰናከል ከስድስት ጊዜ መብለጥ የለበትም፤ በተኳሹ ላይ አደጋ የሚያስከትል ስንጥቅ ወይም ስብራትም መታየት የለበትም። ከዚህ ሌላ ሽጉጡ ከአንድ ሜትር በጥቂቱ ከሚበልጥ ከፍታ ላይ በተለያየ አቅጣጫ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲጣል መተኮስ የለበትም። በዚህም ጥንካሬ ማለት የማዕድኑ ስም ብቻ ሳይሆን ጫናው፣ ማዕድኑና የጊዜው ብዛት ተዳምረው የሚሰጡት ውጤት መሆኑ በሕግ ቋንቋ ተጻፈ።

ይሁንና ፈተናው የሚመሰክረው ለአዲስ ሽጉጥ ነው። ያገለገለውን የሚገዛ ሰው የተኩሱን ብዛት የሚያስረዳ መዝገብ የለውም፤ የሻጩ ቃልም መዝገብ አይሆንም። ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ ካዝናውን አውጥቶ፣ በበርሜሉም ጥይት አለመኖሩን በዐይኑ አይቶ፣ ሽጉጡን ፈትቶ መመርመር ይገባዋል። ቀለሁ በሚወጣበት መስኮት ማዕዘኖች ላይ ስንጥቅ ይፈልግ፤ ጫና የሚከማቸው እንዲህ ባለ ሹል ማዕዘን ላይ ነውና። መርፌው የሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ አለመበላቱን፣ የመንጠቆው ጠርዝ ስለት እንዳልጠፋበትና የካዝናው ከንፈር እንዳልተጣመመ ይይ። አካሉ የዚንክ መሆን አለመሆኑን ማግኔት ይነግረዋል። ሞላ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ያለ ክርክር በአዲስ ይተካ፤ የተሰነጠቀ አካል ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይገዛ። ያ ስንጥቅ በሚሰፋበት ቀን ወደ ኋላ የሚወረወረው ብረት የሚያገኘው የተኳሹን ፊት ነው።