ቀጠሮዋን ያከበረችው ኮከብ

እስቲ ጠጋ በሉ። አንድ ጊዜ ሞታ አምስት ጊዜ ስለታየች ኮከብ ላውጋችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ አንዲት ቀን ብቻ ወደኛ አቆጣጠር እመልሳለሁ።

ጊዜው 2014፣ ወሩ ኅዳር ነው። ፓትሪክ ኬሊ የሚባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪ ሃብል ቴሌስኮፕ የላከውን አዲስ ፎቶ ከአሮጌው ጋር ያስተያያል። አሮጌው ላይ ያልነበሩ አራት የብርሃን ነጥቦች አዲሱ ላይ በቅለዋል፤ አንዲት ሞላላ ጋላክሲን ከበው መስቀል ሠርተዋል። አራት ኮከቦች ባንድ ሰፈር፣ ባንድ ሰሞን ፈነዱ? እንዴት ተደርጎ! የፈነዳችው አንዲት ናት፤ ብርሃኗ ነው በአራት መንገድ የመጣው።

መንገዱን የከፋፈለው ስበት ነው። በእኛና በእሷ መሀል፣ አምስት ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ፣ የጋላክሲዎች ዘለላ ተንጠልጥሏል። ማክስ ጄ1149 ይሉታል፤ መቼም ስም አወጣጥ ላይ አልታደሉም። የእሷ ብርሃን ከዘለላው ጀርባ ተነስቶ፣ ከዘጠኝ ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ ነው የደረሰን።

ግዙፍ ነገር ብርሃንን እንደሚያጎብጥ አልበርት አንስታይን ተናግሮ ነበር፤ በ1919ኙ የፀሐይ ግርዶሽም ተለክቷል። በ1936 ሩዲ ማንድል የሚባል፣ ሳህን እያጠበ ይተዳደር ነበር የሚባልለት የቼክ መሐንዲስ ፕሪንስተን ድረስ ሄዶ፣ «አንዱ ኮከብ ለሌላው ሌንስ ይሆናል፤ ጻፈው» ብሎ ወጥሮ ያዘው። አንስታይን አጭር ጽሑፍ አወጣ። ይህን በዓይን የማየት ተስፋ እንደሌለም እዚያው ላይ ጻፈ። በዓመቱ ፍሪትዝ ዝዊኪ ተነስቶ፣ ከዋክብቱን ተዉና ጋላክሲዎቹን ተመልከቱ፤ ሌንሱን እናያለን፣ ክብደታቸውንም እንመዝንበታለን አለ። ዝዊኪ ገና በ1933 ኮማ በተባለው ዘለላ ውስጥ ያሉት ጋላክሲዎች ሲበዛ ፈጣን መሆናቸውን አይቶ፣ የሚታየው ቁስ ብቻውን አስሮ ሊያቆያቸው አይችልም ያለ ሰው ነው። ጠበኛ ነበር ይባላል። በዚህ ነገር ግን ልክ ነበር።

የዚህ የማይታይ ክብደት ካርታ እንዴት ይሠራል? የብርጭቆ ቂጥ ወደ ሻማ አዙራችሁ በዚያ በኩል እዩ። ነበልባሉ ይለጠጣል፣ ቅስት ይሠራል፤ ልክ መሀሉ ላይ ስታመጡት ቀለበት ይሆናል። አሁን ብርጭቆው ፈጽሞ የማይታይ ቢሆንስ? ያላችሁ የተጣመመው ነበልባል ብቻ ነው። ከመጣመሙ ተነስታችሁ ብርጭቆው የቱ ጋ እንደሚወፍር፣ የቱ ጋ እንደሚሳሳ ተናገሩ ብትባሉ፣ ሥራው ይኸው ነው። ዘለላው መሀል አካባቢ አንዷ ጋላክሲ ሁለት ሦስት ቦታ ትታያለች፤ ኮከቧ የፈነዳችባት ጠምዛዛ ጋላክሲ እንኳ ሦስት ቦታ ተስላለች። ወደ ዳር ሲወጣ ግን መጣመሙ ይደክማል። አንዷን ብቻ አይታችሁ ተፈጥሮዋ ይሁን ስበት ያሞለሞላት አታውቁም፤ ብዙዎቹን ሰብስቦ አማካይ ማውጣት ነው። ስሌቱ ሲያልቅ የሚገኘው ክብደት ከከዋክብቱና ከትኩሱ ጋዝ ድምር እጅግ ይበልጣል። ከመቶ 85 ያህሉ ዳርክ ማተር የሚሉት የማይታይ ቁስ ነው።

እዚህ ላይ የሚጠራጠር ቢኖር አልፈርድበትም። ማንም ያላየውን አገር ካርታ የሳለን ሰው ማን ያርመዋል?

ሹር ሬፍስዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው በ1964 ያሰበው ነገር ለዚህ ሆነ። ከአንድ ሠርግ ቤት እኩል የወጡ ሰዎች አንዱ በጋራው፣ አንዱ በረባዳው ጭቃ ቢሄዱ እኩል አይገቡም። ብርሃንም እንደዚያው ነው፤ መንገዱ ይለያያል፣ ስበቱ በከበደበት በኩል ያለፈው ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ከሌንስ ጀርባ ኮከብ ብትፈነዳ፣ ምስሎቿ ተራ በተራ ይመጣሉ። ኬሊና ባልደረቦቹ ለፈነዳችው ኮከብ ሬፍስዳል የሚል ስም አወጡላት።

ካርታ ሠሪዎቹ ስሌታቸውን ሲያዩ አንድ ሌላ ምስል ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ መጥቶ አልፏል። ማንም አላየውም። አንድ ግን ገና በመንገድ ላይ ነበር። አምስት ቡድኖች የየራሳቸውን ካርታ ይዘው በጥቅምት 2015 ትንበያቸውን አስቀድመው አወጡ፤ ቦታው ከአራቱ ነጥቦች የሙሉ ጨረቃን ስፋት ከሁለት መቶ አንዱን ያህል ፈቀቅ ብሎ፣ ጊዜውም ሩቅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማሻሻል የለ፣ ማስተባበል የለ። ሃብል በየጊዜው ወደዚያው እየዞረ ይፈትሽ ጀመር። አንድ ጊዜ ባዶ፤ ሌላ ጊዜም ባዶ።

ታኅሣሥ 11 ቀን 2015፣ በኛ ታኅሣሥ 1 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በተባለው ቦታ ነጥቧ በራች።

ሁሉም ካርታዎች እኩል አልሆኑም፤ አንዳንዶቹ ቀረቡ፣ አንዳንዶቹ ራቅ አሉ። መዘግየቱ በኋላ ሲለካ 376 ቀን ገደማ ሆነ፤ የኬሊ ቡድን በ2023 ከዚህ ተነስቶ ጽንፈ ዓለሙ የሚሰፋበትን ፍጥነት አሰላበት። ሬፍስዳል ግን ይህን ሁሉ ሳያይ በ2009 አርፎ ነበር።

ዘለላው ያለው ፈረንጆቹ ሊዮ፣ የኛ ሊቃውንት አሰድ በሚሉት የከዋክብት ክፍል ነው። አገር ቤት ያላችሁ በሚያዝያ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ግድም ቀና ብትሉ አሰድ ከአናታችሁ በላይ ነው። ዘለላውን በዓይናችሁ አታዩትም።