ታይታኒየም በእሳት ፊት

አንድ ቀን መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆሜ የብረት ሥራ ስመለከት፣ አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ብረት እሳት ሲያንሰው አይታዘዝም፤ ሲበዛበት ደግሞ ይከዳል» አሉኝ። ይህን ቃል ያስታወሰኝ ከመርካቶ እጅግ የራቀ ታሪክ ነው።

ታይታኒየምን እ.ኤ.አ. በ1791 ያገኘው እንግሊዛዊው ቄስ ዊልያም ግሬጎር ነው። ስሙን ግን ጀርመናዊው ኬሚስት ክላፕሮት ከግሪክ አፈ ታሪክ ግዙፋን፣ ከታይታኖቹ ወስዶ አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ከቤተ ሙከራ ሳይወጣ ኖረ። አደባባይ ያወጣው የፍጥነት ጥማት ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ከድምፅ 3 እጥፍ የሚፈጥን የስለላ አውሮፕላን ፈለገች። ሥራው ለሎክሂዱ መሐንዲስ ለኬሊ ጆንሰን ተሰጠ። በዚያ ፍጥነት የአውሮፕላኑ ቆዳ በብዙ ቦታ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ አሉሚኒየም ይህን አይችልም። ስለዚህ ኤ-12ም ሆነ ተከታዩ ኤስአር-71 ከታይታኒየም ተሠሩ። የሚገርመው፣ ከዚሁ ማዕድን ብዙው በስውር የተገዛው ከባላንጣዪቱ ከሶቪየት ኅብረት ነበር።

የተመረጠው ቅይጥ 13 በመቶ ቫናዲየም፣ 11 በመቶ ክሮሚየምና 3 በመቶ አሉሚኒየም ነበረበት። በመጀመሪያ ለመታጠፍ እሺ ይላል። በ480 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓታት ምድጃ ውስጥ ሲቆይ ግን በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች በውስጡ ይበቅላሉ፤ የአተሞቹ ድርድር እንዳይንሸራተት ስለሚያግዱም ቅይጡ ይጠነክራል። ሙቀቱ ከልክ በላይ ሲረዝም ቅንጣቶቹ ይወፍራሉ፤ ታይታኒየሙና ክሮሚየሙም ተጣምረው ተሰባሪ ውሕድ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ብረቱ መታጠፉን ትቶ ይሰነጠቃል። ያው እሳት ነው፤ የለየው ጊዜው ነው።

እሳት ደግሞ የተደበቀ ጥፋት ያጋልጣል። በሞቃቱ ወራት የተበየዱ አካላት ቶሎ ሲበላሹ፣ በቀዝቃዛው ወራት የተበየዱት ይጸኑ ነበር። ምክንያቱ ቢፈለግ፣ የከተማው ማጠቢያ ውኃ በሞቃቱ ወራት ብዙ ክሎሪን ይጨመርበት ኖሯል። የቡሎኖች ራስም ከጋለ በኋላ እየተቆረጠ ይወድቅ ነበር፤ መፍቻዎቹ የተለበጡበት ካድሚየም ቡሎኑን ነክቶት ነው። ውኃው በተጣራ ውኃ ተተካ፤ ካድሚየም የነካቸው መፍቻዎችም ተለቅመው ተጣሉ። በመፍቻ ላይ ያለች ስስ ልባጥ የአብራሪን ሕይወት ልታስከፍል ትችል ነበርና።

ኤስአር-71 በታኅሣሥ 1964 ተነሣ፤ በሐምሌ 1976 በሰዓት 3,529 ኪሎ ሜትር በርሮ ክብረ ወሰን ያዘ፤ በ1999 ለመጨረሻ ጊዜ በረረ። እኔን ግን ከክብረ ወሰኑ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ እነዚያ ሊቃውንት በብዙ ድካምና ኪሣራ የደረሱበት እውነት ምናለሽ ተራ ከሰማሁት ቃል ጋር መግጠሙ ነው።