ዕረፍት የማይሽረው ድካም፦ ሌላው የሩማቶይድ አርትራይተስ ገጽታ

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ወዳጅን ከጠላት መለየት ተስኖት የገዛ መገጣጠሚያዎቹን ሲያጠቃ የሚከሰት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። በኅብረተሰቡ ዘንድ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» በሚል የወል ስያሜ ከሌሎች የመገጣጠሚያ ሕመሞች ጋር ተደባልቆ ይጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰዎች ከሕመሙ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

የጣቶች እብጠት በዓይን ይታያል፤ ማለዳ የሚያስቸግረው የመገጣጠሚያ መገተርም ከእንቅስቃሴ ይታወቃል። ድካሙ ግን አይታይም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያደረ ታማሚ ገና ከአልጋው ሳይወርድ ዝሎ ይነሣል፤ ሐሳቡን ማሰባሰብ ይቸግረዋል፤ ትናንት በቀላሉ ያከናወነው ሥራ ዛሬ ተራራ ይሆንበታል። በሥራ ብዛት የሚመጣ ድካም በዕረፍት ይወጣል፤ ይህኛው ግን እንቅልፍን ተሻግሮ ይቆያል። በተለያዩ ጥናቶች ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑ ታማሚዎች ይህን ድካም እንደሚያዩ ተመዝግቧል።

መነሻውን ለመረዳት ጉንፋን የያዘውን ሰው ማሰብ ይበቃል። ጉንፋን የያዘው ሰው መተኛት የሚያምረው የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ስለሚያመነጩና እነዚህም አእምሮን «ዕረፍ» ስለሚሉት ነው። በሩማቶይድ አርትራይተስ ወራሪ ተሕዋስ ሳይኖር ይኸው መልእክት ለወራትና ለዓመታት ይተላለፋል። በዚህ ላይ ሕመሙ እንቅልፍን ይቆራርጣል፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የተዳከመ ጡንቻ ደግሞ ለትንሹም ሥራ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል።

ድካሙ ከእብጠቱ ጋር አብሮ አለመጥፋቱም ከዚሁ የመነጨ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኮክሬን ያወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ ዘመናዊዎቹ ባዮሎጂካል መድኃኒቶች ድካምን የሚቀንሱት ከትንሽ እስከ መካከለኛ በሚባል ደረጃ መሆኑን አሳይቷል። መገጣጠሚያው ረግቶ፣ የደም ምርመራው ጥሩ ሆኖ ሳለ ታማሚው «አሁንም ደክሞኛል» ቢል ማጋነን አይደለም። ለረጅም ጊዜ የሕክምና ጥናቶች እብጠትንና ሕመምን ሲለኩ ድካምን አይለኩም ነበር። ታማሚዎች ራሳቸው ከተመራማሪዎች ጋር ተቀምጠው ጉዳዩን ካነሡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ድካም በሩማቶይድ አርትራይተስ ጥናቶች ሁሉ እንዲለካ ዓለም አቀፍ ምክረ ሐሳብ ወጣ።

ከበሽታው ይልቅ የሚያቆስለው ብዙ ጊዜ የሰው ዓይን ነው። ትናንት ቡና አፍልታ እንግዳ ያስተናገደች እናት ዛሬ ለቅሶ ቤት ስትቀር «ምን ሆናለች?» መባሉ አይቀርም። ሐሜቱን የምትፈራ ሴት ደግሞ ደህና በሆነችበት ቀን የሳምንቱን እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ፣ ውኃ ቀድታ ትውላለች፤ በማግስቱም ትወድቃለች። ባለሙያዎች የሚመክሩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ሊጡ በአንዱ ቀን ተቦክቶ ጋገራው በሌላው ቀን ቢሆን፣ ምጣዱ ከመሬት ከፍ ብሎ በወንበር ላይ ተቀምጦ ቢጋገር፣ ዕረፍቱም አቅም ተሟጥጦ ሳያልቅ አስቀድሞ ቢወሰድ ጉልበት ለነገም ይተርፋል። ይህ እንዲሆን ቤተሰቡ ሥራ መካፈል አለበት፤ ታማሚዋ ብቻዋን የምትወጣው አይደለም።

ድካሙን ሁሉ ለበሽታው መስጠትም ስሕተት ነው። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መታወክና ድባቴ በእነዚህ ታማሚዎች ዘንድ የሚያጋጥሙ፣ ሕክምናም ያላቸው ችግሮች ናቸው። የደም ማነሱ ከብረት እጥረት ሳይሆን ከብግነቱ ራሱ ሊመጣ ስለሚችል የብረት እንክብል ያለ ምርመራ መዋጥ አይበጅም። በሐኪም የታዘዘ ከሆነም ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውኩ ከእንክብሉ ጋር አይጠጡም። ፕሬድኒሶሎን ምሽት ላይ ሲወሰድ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። ሜቶትሬክሴት ደግሞ ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየዕለቱ መዋጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በወሰዱት ማግስት የሚደክማቸው ታማሚዎች ቀኑን ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ወደ ዕረፍት ቀናቸው ዋዜማ ማዛወር ይችላሉ እንጂ መድኃኒቱን በራሳቸው ማቋረጥ አይገባቸውም።

እንግዳ የሚመስለው ምክር የአካል እንቅስቃሴ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ምክረ ሐሳብ እንቅስቃሴን ለድካም ከሚመከሩ መፍትሔዎች መካከል አስቀምጧል። በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ መሪነት በብሪታንያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናትም፣ ለየታማሚው የተቀመረ የእንቅስቃሴ መርሐ ግብርም ሆነ የአስተሳሰብና የልማድ ለውጥ ላይ ያተኮረ ምክር በስልክ ሲሰጥ ድካምን እንደቀነሰ አሳይቷል። የሩማቶሎጂ ሐኪም በቅርብ ለማይገኝበት አካባቢ በስልክ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። አጀማመሩ ቀላል ነው፤ በሜዳ ላይ የ10 ደቂቃ እርምጃ ይበቃል፤ ከሳምንት ወደ ሳምንት ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል። መገጣጠሚያው አብጦ በተቆጣበት ሰሞን ግን ይቀነሳል።

ድካሙ በድንገት ከወትሮው ከባሰ ወይም ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የበሽታው መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። የሳንባ ነቀርሳ በሚገኝባት ኢትዮጵያም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ከድካሙ ጋር ሲታዩ የነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ግድ ይላል።